ቲቢን ጤና ጣቢያ ቁጭ ብለን አንጠብቀው፣ ቤት ለቤት እንፈልገው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የረጅም ጊዜ አንባቢያችሁ ነኝ፣ ሲዳማ ገጠር ውስጥ ለብዙ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ መምህር ነኝ፣ አሁን የምኖረው ሀዋሳ ነው። ይሄን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በየዓመቱ መጋቢት 15 የዓለም የቲቢ ቀን ሲከበር የሚወጣው ዜና ሁሌ አንድ አይነት ስለሆነብኝ ነው። ንግግር ይደረጋል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ከዛ "ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ ያሳለው ሰው በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂድ" ይባልና ዜናው ያልቃል። ምክሩ ትክክል ነው፣ እኔም ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ስደጋግመው የኖርኩት ነገር ነው። ግን ሰውየው ካልሄደስ? ወይ መንገዱ ስለራቀበት፣ ወይ ብር ስለሌለው፣ ወይ ሳሉ የብርድ ስለመሰለው ቤቱ ቢቀርስ? ይሄ ጥያቄ እዚሁ እኛ ጋ ሲዳማ ውስጥ ተጠይቆ መልስ ያገኘ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ ታትሞ ሌላው አገር ሲማርበት ኖሯል፣ እኛ ግን ስለሱ ስናወራ ብዙም አልሰማሁም።

የገጠር ሰው ሲያስለው ምን እንደሚያደርግ ገጠር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ብርድ መታኝ ነው የሚለው። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ጤና አዳም በቡና፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት እንዲህ ይሄዳል። አልሻል ሲለው ገበያ ቀን ከተማ ሲወጣ መድኃኒት ቤት ገብቶ አሞክሳሲሊን ይገዛል፣ ትንሽ ሻል ይለዋል ወይም ሻል ያለው ይመስለዋል፣ ከዛ ደሞ ያገረሽበታል። ቀጥሎ የግል ክሊኒክ ነው፣ ደም ይሰጣል፣ ታይፎይድ ነው ይባላል፣ መርፌ ይወጋል፣ ይከፍላል። አክታህን እስቲ አምጣ የሚለው ሰው ሳያገኝ ወራት ያልፋሉ፣ ያለችው ፍየል ተሸጣ አልቃለች፣ ሱሪው ከወገቡ ላይ አልቆም ብሏል፣ ማታ ማታ ላብ ያጠምቀዋል። እና በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጆቹ እዛው ጎጆ ውስጥ፣ እሳቱ ዳር፣ በሩ ተዘግቶ፣ እሱ የሚያስለውን አየር ሲስቡ ያድራሉ። ቲቢ የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው፣ መድኃኒት ያልጀመረ የሳንባ ቲቢ ያለበት አንድ ሰው በዓመት ውስጥ አብረውት ከሚውሉና ከሚያድሩት ሰዎች ከ5 እስከ 15 የሚሆኑትን ሊያስይዝ ይችላል ይላል የዓለም ጤና ድርጅት። ስለዚህ ሰውየው ጤና ጣቢያ እስኪደርስ መጠበቅ ማለት ልጆቹ እስኪያዙ መጠበቅ ማለት ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ያየኋቸው ሰዎች ግን አብዛኞቹ አልደበቁም፣ ጎረቤት ሁሉ እያሳላቸው እንደሆነ ያውቃል፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ ሲያስሉ ሰው ይሰማል። ቤታቸው ድረስ ሄዶ የጠየቃቸው አልነበረም እንጂ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። አስረኛ ክፍል የጨረሱ የአካባቢው ሴት ልጆች ለአንድ ዓመት ሰልጥነው፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ደሞዝ እየተከፈላቸው ጤና ኬላ ላይ ተመደቡ። መጀመሪያ ሲታሰብ ስራቸው ሽንት ቤት ማስቆፈር፣ ክትባት፣ የእናቶችና የህጻናት ጤና ምናምን ነበር፣ ስለ ቲቢም ማስተማር ነበረባቸው ግን አክታ መቀበል የጤና ጣቢያ ስራ ነው ተብሎ ነበር። ዶክተር ዳንኤል ገመቹ ዳቲኮ የሚባሉ የሲዳማ ሀኪምና ተመራማሪ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በርንት ሊንድቸርን ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 ዳሌና ወንሾ ወረዳ ላይ አንድ ነገር ሞከሩ። 51 ቀበሌ ወሰዱ፣ በ30ዎቹ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞቹ ራሳቸው የሚያስለውን ሰው ፈልገው አክታ እንዲቀበሉና መድኃኒቱንም እዛው ቀበሌ ውስጥ እንዲሰጡ ተደረገ፣ በቀሩት 21 ቀበሌዎች ደሞ እንደተለመደው ሰው ራሱ ጤና ጣቢያ እስኪመጣ ተጠበቀ። ውጤቱ ልዩነቱ በጣም ሰፊ ነው፣ ይኖራሉ ተብለው ከተገመቱት ታማሚዎች ውስጥ ዝም ብለው በጠበቁት ቀበሌዎች የተገኘው 69 በመቶ ገደማ ሲሆን ቤት ለቤት በተሄደባቸው 122 በመቶ ሆነ። ከመቶ በላይ እንዴት ይሆናል የሚል አንባቢ ይኖራል፣ ግምቱ ራሱ ዝቅ ያለ ነበር ማለት ነው፣ ማለትም ማንም ያልቆጠራቸው ሰዎች በየጎጆው ነበሩ። ታክመው የዳኑትም በ83 ፈንታ 89 በመቶ ሆኑ። ወጪውም ሲሰላ አንድ ሰው በጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ በኩል ታክሞ ሲድን በጤና ጣቢያ በኩል ከሚወጣው ከግማሽ በታች ነው የሚፈጀው።

ይሄ በሁለት ወረዳ ነው። ቀጥሎ ቲቢ ሪች በሚባለው ዓለም አቀፍ ፈንድ እርዳታ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ያኔ ዞን የነበረው ሲዳማ በሙሉ፣ 3 ሚሊዮን ከሚበልጥ ህዝቡ ጋር፣ በዚሁ መንገድ እንዲሰራ ተደረገ። አሰራሩ እንደዚህ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ሁለት ሳምንት ያሳለው አለ ወይ ብላ ትጠይቃለች፣ ካለ እዛው ደጅ ላይ፣ ክፍት አየር ላይ፣ አክታ ትቀበላለች፣ ስላይድ የሚባለው ትንሽ መስታወት ላይ ትቀባዋለች፣ ታደርቀዋለች። ከዛ ሱፐርቫይዘሩ በሞተር ሳይክል ይመጣና ስላይዶቹን ሰብስቦ ማይክሮስኮፕ ወዳለበት ጤና ጣቢያ ያደርሳል። ውጤቱ ይነገራታል፣ ቲቢ ከሆነ ሱፐርቫይዘሩ መድኃኒት ይዞ ተመልሶ ይመጣል፣ ህክምናው ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጀመርለታል፣ የቤተሰቡ አባላት በሙሉ ይታያሉ፣ ትንንሽ ልጆች በሽታው ከሌለባቸው መከላከያ መድኃኒት ይጀምራሉ። በቃ ይሄው ነው፣ ሞተር፣ ነዳጅ፣ ስላይድ፣ የአክታ ዕቃ፣ ስልክና ስራዋን የምታውቅ ሴት።

እስከ እ.ኤ.አ. ታህሳስ 2011 ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ 49,857 የቲቢ ምልክት ያላቸው ሰዎች ተገኝተው 2,262ቱ አክታቸው ላይ ቲቢ ተገኘባቸው፣ ከዛ በፊት ከነበረው ዓመት ጋር ሲተያይ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከ100,000 ሰው በዓመት የሚገኘው ከ64 ወደ 127 ከፍ አለ። ይሄ ሲባል በሽታው ጨመረ ማለት እንዳልሆነ ለአንባቢዎቻችሁ በደንብ ማስረዳት አለባችሁ፣ ሪፖርት ላይ ቁጥሩ ሲያሻቅብ የሚደነግጥ የወረዳ አመራር አይቻለሁና። የጨመረው የተገኘው ሰው ነው፣ ድሮም ቤቱ ውስጥ ሲያስል የነበረው ሰው። ህክምናውን በሚገባ የጨረሰውም ከ77 በመቶ ወደ 93 በመቶ ወጣ፣ አቋርጦ የሚጠፋው ከ11 ወደ 3 በመቶ ወረደ።

አንድ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሴቶች ላይ። ከነዛ 50,000 ገደማ ምልክት ካላቸው ሰዎች ውስጥ 60 በመቶዎቹ ሴቶች ነበሩ። ይሄን ቁጥር ሳነብ ምንም አልገረመኝም፣ ምክንያቱም ወንዱ ቢያንስ ገበያ ይወጣል፣ ስብሰባ ይሄዳል፣ ኪሱ ውስጥ የትራንስፖርት ብር ይኖረዋል። ሴቷ ግን ቆጮ ትፍቃለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ህጻን አዝላለች፣ ጤና ጣቢያ ለመሄድ የባሏን ፈቃድም ብሩንም ልጅ የሚይዝላትንም ሰው ማግኘት አለባት። ሶስቱ አንድ ላይ የሚገጥሙት መቼ ነው? የምታውቃት የሰፈሯ ልጅ፣ ቋንቋዋን የምትናገር፣ ልጇን ያስከተበችላት፣ ደጇ ላይ መጥታ ስትጠይቃት ግን ያለባትን ትናገራለች።

አስተምር በነበረበት ትምህርት ቤት ጎበዝ የነበረች አንዲት ተማሪዬ መቅረት አበዛች። ምን ሆነሽ ስላት እናቴ ታማብኝ ነው፣ ስራው እኔ ላይ ወድቆ ነው አለችኝ። እናትየው ከወለደች ጀምሮ ሳል አልለቅ ብሏት ከርማለች፣ አራስ ስለሆነች ብርድ ገብቷት ነው ተብሎ ቤት ተዘግታ ነው ያለችው፣ ክሊኒክም ወስደዋት ታይፎይድ ነው ተብላ መድኃኒት ጨርሳለች። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ በዛ በቤት ለቤቱ ስራ ጊዜ ደርሳ እንሰቱ ስር አስቀምጣ አክታ ተቀበለቻት፣ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱን ጀመረች፣ ህጻኑም ታየ፣ ልጅቷ ትምህርቷን ቀጠለች። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ስለባክቴሪያው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ያቺን እናት ያዳናት ግን አስረኛ ክፍል ጨርሳ አንድ ዓመት የሰለጠነችው ልጅ ናት፣ ይሄን ስናገር ኩራት ነው የሚሰማኝ።

ህጻናት ላይ ደሞ ችግሩ ይብሳል። ህጻን አክታ ማውጣት አይችልም፣ ይውጠዋል፣ ስለዚህ ቲቢው በአክታ አይገኝም። ክብደት አልጨምር ይላል፣ ይተክዛል፣ መጫወት ያቆማል፣ የምግብ እጥረት ነው ተብሎ ይታለፋል። አዋቂው ሲገኝ ወዲያው ቤት ውስጥ ያሉትን ልጆች ማየት ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው፣ ይሄ ደሞ ጤና ጣቢያ ቁጭ ብሎ "ልጆችህን ይዘህ ና" በማለት አይሆንም፣ አባትየው ራሱን ይዞ ለመምጣት ስንት ወር ፈጅቶበት!

ስድስት ወሩ ደሞ ሌላ ትግል ነው። መድኃኒቱ በነጻ ነው፣ ለዚህ መንግስትም የሚረዱትም ይመስገኑ። ሁለት ወር አራት አይነት መድኃኒት አንድ ላይ፣ ከዛ አራት ወር ሁለት አይነት፣ በየቀኑ። የከተማ ሰው ስድስት ወር ምን አላት ይል ይሆናል። ግን ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ሽንትን ቀይ ያደርጋል፣ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ደም መስሎት ደንግጦ ያቆማል። ባዶ ሆድ ሲዋጥ ያቅለሸልሻል፣ ቤት ውስጥ ቁርስ የሚባል ነገር የሌለበት ወር አለ። ከሁሉም የሚከፋው ግን ሁለተኛው ወር አካባቢ ነው፣ ሳሉ ይጠፋል፣ ሰውነቱ ይመለሳል፣ ድኛለሁ ይላል። እኛ ጋ ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ለቀማ ነው፣ የዓመቱ ብር የሚገኘው ያኔ ነው፣ ድኛለሁ ያለ ሰው ቡናውን ጥሎ ለመድኃኒት አይመላለስም። የሚያቋርጠው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ያቋረጠው ሰው ሲያገረሽበት መድኃኒት የተላመደ፣ ማለትም የተለመደው መድኃኒት የማያድነው ቲቢ ሊሆንበት ይችላል፣ እሱ ደሞ አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 አዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል መታከም ሲጀምር ሁለት ዓመት ገደማ የሚፈጅ፣ ለወራት በየቀኑ መርፌ ያለው፣ ጆሮ ሊያደነቁር የሚችል ህክምና ነበር። አሁን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ለብዙዎቹ ታማሚዎች የስድስት ወር የሚዋጥ መድኃኒት ብቻ እንዲሰጥ መክሯል፣ ትልቅ እፎይታ ነው፣ ቢሆንም መጀመሪያውኑ እዛ ባይደረስ ይሻላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች ዝርዝር ውስጥ መውጣቷን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ይሄን እናንተም ብትጽፉት ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም የተሰራ ስራ አለ። ከዋናው የቲቢ ዝርዝር ግን አልወጣንም፣ አሁንም ከ30ዎቹ አንዱ ነን።

ስለ ሰዉ አስተያየት ደሞ ሳልናገር አላልፍም። ቲቢ አለበት ሲባል ኤችአይቪም አለበት ማለት ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፣ ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ አብረው ይገኛሉ፣ ለዛም ነው ቲቢ የተገኘበት ሁሉ እንዲመረመር የሚደረገው፣ ግን ቲቢ የያዘው ሁሉ ኤችአይቪ የለበትም። ከዛ ማዕድ ይለያል። ስኒ ይለያል፣ ሳህን ይለያል፣ ቡና ሲጠራ አይጠራም። ቲቢ በስኒ አይተላለፍም፣ በሳህን አይተላለፍም፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም፣ በአየር ነው። መድኃኒቱን በትክክል የጀመረ ሰው ደሞ ቲቢው መድኃኒት የተላመደ ካልሆነ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የማስተላለፍ አቅሙ በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ የምንፈራው ሰው መድኃኒት ላይ ያለውን ነው፣ አጠገቡ የምንቀመጠው ደሞ ገና ያልተመረመረው ጋ ነው፣ ተገላቢጦሽ ሆኗል። አንድ ገበታ ከብቦ መብላት በለመደ ህዝብ መሀል ማዕድ መለየት ሰውን ከበሽታው በላይ ይጎዳዋል፣ ያየሁት ነው፣ እባካችሁ እንተወው።

መስኮት! ይሄን ካላነሳሁ አላርፍም። ሚኒባስ ውስጥ አስራ ምናምን ሰው ተጠጋግቶ፣ አንዱ እያሳለ፣ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት "ዝጋው፣ ምች ይመታናል" ተብሎ ይጮህበታል። ረጅም መንገድ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ይሄ ለሰዓታት ነው። ንፋስ ቲቢን ይበትነዋል፣ ፀሐይ ይገድለዋል፣ እነዚህ ሁለቱ ደሞ ብር የማይጠይቁ ነገሮች ናቸው። መማሪያ ክፍሎቻችን ውስጥ ከስልሳ በላይ ተማሪ እየተቀመጠ መስኮቱ በሚስማር የተመታ ክፍል አይቻለሁ። ርዕሰ መምህራን ይሄን ደብዳቤ ካነበቡ እባካችሁ ነገ ጠዋት መስኮቶቹን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ።

የእምነት ቦታዎችንም ላንሳ፣ በአክብሮት ነው የማነሳው እኔም አማኝ ነኝና። ጸሎት ተደርጎልኛል ድኛለሁ ብሎ መድኃኒቱን ያቆመ ሰው ያጋጥማል፣ ጠበል ሄዶ ያቋረጠም አለ። በኤችአይቪ ጊዜ ይሄው ጥያቄ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በግልጽ ተናግረው ነበር፣ ያ ንግግር ስንት ሰው መድኃኒቱ ላይ እንዳቆየ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። እኛ ጋ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ናቸው፣ እሁድ ማስታወቂያ ሲነበብ ሁለት ሳምንት ያሳለው ሰው ለጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛዋ እንዲነግር፣ መድኃኒት የጀመረ ሰው ደሞ ስድስት ወሩን ሳይጨርስ እንዳያቆም አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ቢጨመር፣ ጤና ቢሮ በዓመት ከሚያሳትመው ፖስተር ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። እድሮችም እንደዚሁ፣ እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ከመትከሉ በፊት ሲታመም የሚያውቅ ተቋም ነው።

አሁን ያለው ነገር ግን ያሳስበኛል። በምሄድባቸው ቀበሌዎች ሞተሩ አለ ነዳጅ የለም፣ ወይ ሞተሩ ተበላሽቶ ግቢ ውስጥ ሳር በቅሎበት ይታያል። የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞቹ ላይ ስራ በስራ ላይ ተደራርቧል፣ ሲጀመር 16 ፓኬጅ፣ ማለትም 16 አይነት ስራ ነበር፣ ከዛ ወዲህ የተጨመረው እንጂ የተቀነሰው አይታይም፣ ዘመቻ በመጣ ቁጥር እነሱ ናቸው የሚጠሩት፣ ሪፖርት የሚሞሉት እነሱ ናቸው፣ ደሞዛቸው ግን ኑሮውን አይከተልም። አንዷ የቀድሞ ተማሪዬ በዚህ ስራ ላይ ናት፣ ቤት ለቤት የምሄድበት ቀን ስብሰባ በላው አለችኝ። ከዛ ላይ ደሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግስት የውጭ እርዳታውን በድንገት ሲያቆም በአገራችን በሺዎች የሚቆጠሩ የኮንትራት ጤና ሰራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ቲቢ ደሞ በጀት እስኪስተካከል አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በዓለም ላይ 10.8 ሚሊዮን ሰው በቲቢ ታሟል፣ 1.25 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፣ መድኃኒት ባለው በሽታ።

የሚገርመኝ ነገር የሲዳማው ስራ ያን ያህል ብር የሚጠይቅ አለመሆኑ ነው። የፕሮጀክት ብር ሲያልቅ ስራው አብሮ እንዲያልቅ የሚያደርገው ነገር ምንድነው? ሴቶቹ አሉ፣ ደሞዛቸው ከመንግስት ነው። ጤና ኬላው አለ። አሁን ማይክሮስኮፕ ብቻ ሳይሆን ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ብዙ ቦታ ገብቷል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቲቢ መኖሩንም ሪፋምፒሲንን መልመዱንም አንድ ላይ ይናገራል፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ሞተር ላይ ስላይድ ሲያመላልሱ ለነበሩት ሰዎች ይሄ ህልም ነበር። ማሽኑ ግን ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው ያለው፣ አክታው ደሞ ቀበሌ ውስጥ፣ መሀል ላይ የጎደለው ያው ሞተሩና ነዳጁ ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ቀጥ ያለ ነገር ነው፣ እያንዳንዱ ወረዳ ከራሱ በጀት ላይ ለአክታ ማመላለሻ የሚሆን ነዳጅና የሞተር ጥገና የሚል መስመር ይክፈት፣ ከረጂ ብር ላይ ሳይሆን ከራሱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች በሳምንት የተወሰነ ቀን ስብሰባ የማይነካው የቤት ለቤት ቀን ይኑራቸው። አራስ ቤትና አዛውንት ያለበት ቤት ቅድሚያ ይታይ። ከቡና ለቀማ በፊት ደሞ መድኃኒት ላይ ያሉትን ሰዎች ማን የት ሄዶ እንደሚለቅም ይጠየቅ፣ ሌላ ወረዳ የሚሄድ ከሆነ መድኃኒቱ እዛ ይጠብቀው፣ ይሄ በስልክ የሚያልቅ ነገር ነው።

ይሄ ደሞ ለሲዳማ ብቻ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ የሌለበት ገጠር ቀበሌ ብዙም የለም፣ ጎጃምም፣ ወሎም፣ አርሲም፣ ጋሞም ሰው ሲያስለው የሚሄድበት መንገድ ያው ነው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ አሞክሳሲሊኑ፣ ታይፎይዱ። ከተማ ውስጥም በግንባታ ሳይት ላይ የሚያድሩት የቀን ሰራተኞች፣ አንድ ክፍል ተከራይተው ስምንት ሆነው የሚተኙት ልጆች፣ ጤና ጣቢያው አጠገባቸው ሆኖ እንኳን ስራ ካልገቡ ስለማይበሉ አይሄዱም፣ እነሱ ጋም መሄድ ያስፈልጋል፣ ማታ ከስራ ሲመለሱ።

ለእናንተ ለጋዜጠኞቹ ያለኝ ጥያቄ ይሄ ነው። የሚቀጥለው መጋቢት 15 ሲመጣ አዳራሽ ከምትሄዱ ቦሪቻ ወይም ሁላ ወይም በንሳ ወርዳችሁ አንዷን የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ ተከትላችሁ ዋሉ፣ ስንት በር እንደምታንኳኳ፣ አክታውን ተቀብላ በምን እንደምትልከው፣ ውጤቱ በስንት ቀን እንደሚመለስላት ጻፉ። ለክልሎቹ ጤና ቢሮም ጥያቄ አቅርቡልን፣ በዚህ ሩብ ዓመት በየወረዳው ስንት የሚያስል ሰው ቤቱ ድረስ ተሄዶ ተመረመረ፣ ስንት ልጅ መከላከያ ጀመረ፣ ስንት ሞተር ይሰራል ስንቱ ቆሟል በሉና መልሱን ወረዳ በወረዳ አትሙልን። እኔም የመጣውን ቁጥር ከማውቃቸው ቀበሌዎች ጋር አስተያይቼ መልሼ እጽፍላችኋለሁ።

አክባሪያችሁ
አንድ መምህር፣ ከሀዋሳ